ጣት ሳይቆረጥ ቺዝ በእጅ መፈቅፈቅ፦ ከዝግጅት እስከ እጥበት

ቺዝ ሲፈቀፍቅ ጣቱን የቆረጠን ሰው “እንዴት ሆነ?” ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ “ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው።” ቁራጩ ትልቅ ሳለ ጣት ከመፈቅፈቂያው ጥርስ ይርቃል። ቺዙ እያነሰ ሲሄድ ጣትም ወደ ጥርሱ እየተጠጋ ይመጣል፤ እጅ ግን የለመደውን ፍጥነት አይቀንስም። ከዚህ ሌላ ሰው የሚቆረጠው መፈቅፈቂያው ሲንሸራተትና ሲታጠብ ነው።

ከሁሉም ጀርባ ያለው ጉልበት ነው። ቺዙ ሲለሰልስ፣ ጥርሱ ሲዶለዱም፣ ቀዳዳው ሲደፈን እንገፋለን። ስንገፋው የነበረው ነገር በድንገት ሲለቅ እጃችን አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከታች ካሉት ደረጃዎች ግማሾቹ መፈቅፈቅ ሳይጀመር የሚሠሩ ናቸው። እነሱን ዘልሎ ወደ አያያዙ መሄድ የሚያጓጓ ቢሆንም አትዝለሉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

መፈቅፈቂያ፣ መክተፊያ፣ አንድ እርጥብና አንድ ደረቅ ፎጣ፣ ስለታም ቢላ፣ ሰፊ ሳህን፣ ጠንካራ ፀጉር ያለው የዕቃ ማጠቢያ ብሩሽ፣ ጥቂት የምግብ ዘይት። ፕላስተር የት እንዳለ አስቀድማችሁ እወቁ። በሚደማ እጅ መሳቢያ መበርበር ደስ አይልም።

ደረጃ 1፦ መፈቅፈቂያውን መርምሩ

ባለ አራት ፊቱ የቆመ መፈቅፈቂያ ለጀማሪ የተሻለ ነው፤ ሰፊ መቀመጫ ስላለው በቀላሉ አይወድቅም። አራቱ ፊቶች ግን ሥራቸው ይለያያል።

ትልልቅ ቀዳዳ ያለው ፊት እንደ ቼዳር፣ ጎዳ እና ሞዛሬላ ላሉ መካከለኛና ለስለስ ያሉ ቺዞች ነው። ትንንሽ ቀዳዳ ያለው ደረቅ ላለ ቺዝ ይሆናል። ወደ ውጭ የሾለ እሾህ መሳይ ጥርስ ያለው ፊት እንደ ፓርሜዛን ያለውን እንደ ዱቄት ያደቅቃል፤ ቆዳንም እንደዚያው ነው የሚያደርገው፣ ለማጠብም አስቸጋሪ ነው። ሰፋ ያለ ረጅም ስንጥቅ ያለው አራተኛው ፊት ለመፈቅፈቅ አይደለም፤ ስስ አድርጎ ለመቁረጥ ነው። እዚያ ላይ ያለው ስለት እንደ ቢላ ሙሉ ስለሆነ የጣትን ጫፍ በአንድ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ቺዝ ልትፈቀፍቁ ስትነሡ ያ ፊት ወደ እናንተ እንዳልዞረ አረጋግጡ።

ጠባብና ረጅም፣ እንደ ሞረድ የተሠራ ባለ እጀታ መፈቅፈቂያም አለ። ለደረቅ ቺዝ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ በጣም ስለታም ስለሆነ ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል። ለስላሳ ቺዝ ላይ ግን ወዲያው ይደፈናል።

አሁን እነዚህን ተመልከቱ፦

1. እጀታው ይነቃነቃል? የሚነቃነቅ ከሆነ አትጠቀሙበት።
2. ዝገት፣ የታጠፈ ወይም የተሰበረ ጥርስ አለ? ካለ ይጣል። የተሰበረ ጥርስ ምግብ ውስጥ ይገባል።
3. ዶልዱሟል? በጣት አትፈትኑት። የቺዝ ቁራጭ አስነክታችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ሳትጫኑ ካልያዘ ዶልዱሟል። ዶልዷማ መፈቅፈቂያ ለጣት የሚራራ የሚመስላቸው አሉ፤ የበለጠ ስለሚያስገፋ ከስለታሙ ይልቅ እሱ ነው የሚያስፈራው።

ደረጃ 2፦ ቺዙን አቀዝቅዙና ቁረጡ

የሞቀ ቺዝ ይለጠፋል፣ ይለጠጣል፣ ቀዳዳ ይደፍናል። ማቀዝቀዙ እንደ ቺዙ ዓይነት ይለያያል።

ቼዳርና ጎዳ ከፍሪጅ እንደወጡ ይፈቀፈቃሉ፤ ክፍሉ ሞቃት ከሆነ 10 ደቂቃ ያህል ፍሪዘር ውስጥ አቆዩአቸው። ጠጠር ብሎ የሚሸጠው ሞዛሬላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ፍሪዘር ይፈልጋል። በውሃው ውስጥ ተቀምጦ የሚሸጠው ትኩስ ሞዛሬላ ግን ለመፈቅፈቂያ አልተፈጠረም፤ ውሃውን አንጠፍጥፋችሁ በእጅ ቦጫጭቁት። ፓርሜዛን ፍሪዘር አያስፈልገውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ፍሪዘር ውስጥ ረስታችሁት ድንጋይ ከሆነ ያን ቀን አትፈቀፍቁት። የደረቀ በረዶ የሆነ ቺዝ ጥርሱ ላይ ይንሸራተታል፣ ይፈረካከሳል፣ ጉልበትም ይጠይቃል። ፍሪጅ ውስጥ አውርዳችሁ እስኪላላ ጠብቁ።

ከዚያ ቁረጡት። በመዳፍ የሚያዝ ቁራጭ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፣ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ይበቃል፤ ይህ ወደ 200 ግራም ይመዝናል። ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ጣት ዙሪያውን መያዝ ስለሚያቅተው ይወድቃል። ጥርሱን የሚነካው ጎን ጠፍጣፋ ይሁን።

ስንት እንደሚያስፈልጋችሁ ቀድማችሁ ወስኑ። 115 ግራም ያህል ቼዳር ሲፈቀፈቅ፣ ሳይጠቀጠቅ፣ 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ኩባያ ይሞላል። ይህን የምላችሁ ለሒሳብ ብቻ አይደለም። ከሚያስፈልገው ላይ 50 ግራም ያህል ጨምራችሁ ከጀመራችሁ የመጨረሻዋን ቁራጭ መፈቅፈቅ ግድ አይሆንባችሁም። ምክንያቱን ደረጃ 6 ላይ ታገኙታላችሁ።

ሰም ወይም ላስቲክ የለበሰ ቺዝ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ላጡት፤ ሰም ከእጅ ያሙለጨልጫል። ፓርሜዛን ላይ ያለውን ደረቅ የተፈጥሮ ቅርፊት ግን በአንዱ ጎን ተዉት። እጀታ ይሆናችኋል።

የቺዙ ውጪ ረጥቦ ወይም ወዝቶ ከሆነ በደረቁ ፎጣ ጠረግ አድርጉት።

ደረጃ 3፦ ቦታውን አዘጋጁ

1. እርጥቡን ፎጣ ጨምቃችሁ ጠረጴዛው ላይ ዘርጉ።
2. መክተፊያውን በላዩ አስቀምጡ። በእጃችሁ ግፉት፤ ከተንቀሳቀሰ ፎጣውን አስተካክሉ። እስኪጸና ድረስ ወደ ቀጣዩ አትሂዱ።
3. መፈቅፈቂያውን መክተፊያው ላይ አቁሙ። ሳህን ውስጥ ማቆም የለመዳችሁ ከሆነ ሳህኑ ግርጌው ጠፍጣፋና ሰፊ ይሁን፤ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ መፈቅፈቂያ ይወዛወዛል።
4. ጥርሱ ላይ በፎጣ ጫፍ ወይም በብሩሽ ጥቂት ዘይት አስነኩ። በጣት አይቀባም። እጀታውና እጃችሁ ዘይት እንዳይነካቸው ተጠንቀቁ።

ቆማችሁ ሥሩ፤ ጠረጴዛው ወገባችሁ አካባቢ ቢደርስ ጥሩ ነው። መብራቱ ጥርሱን የሚያሳይ ይሁን፤ የራሳችሁ ጥላ እጃችሁ ላይ ከወደቀ ዞር በሉ።

ደረጃ 4፦ እጅና ልብስ

እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ቀለበት አውልቁ፣ ሰፊ እጅጌ ጠቅልሉ፣ ረጅም ፀጉር እሰሩ። ረጅም ጥፍር ያላችሁ ጓንት አድርጉ።

ጓንት ካልን፣ ተራው የላስቲክ ጓንት ከመቆረጥ አያድንም። የሚፈለገው መቆረጥን እንዲቋቋም ተብሎ የተሠራው ነው። ብዙዎቹ ላይ ኢኤን 388 የሚል የአውሮፓ መለኪያ ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ በዚያ መለኪያ የስለት መቋቋም ደረጃው ከ“ኤ” እስከ “ኤፍ” ሲሆን “ኤፍ” ከፍተኛው ነው። ልክ ይሁናችሁ፤ ጫፉ የተንጠለጠለ ጓንት ጥርስ ይይዘዋል። ቺዝ የያዘው እጅ ላይ ነው የሚደረገው። እሾህ መሳይ ጫፍ ሊወጋው ስለሚችል ጓንት አለኝ ብሎ መፍጠን አይገባም።

ደረጃ 5፦ አያያዝና እንቅስቃሴ

1. በማትጽፉበት እጅ እጀታውን ከላይ ጨብጡ። የምትጫኑት ቀጥታ ወደ ታች ይሁን። ጣቶቻችሁ ከእጀታው አልፈው ወደ ጥርሱ እንዳይንጠለጠሉ።

2. ቺዙን በምትጽፉበት እጅ መዳፍ ውስጥ አስገቡ። የጣቶቻችሁ ጫፎች ጥርሱን ከሚነካው ጎን ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሁኑ። አውራ ጣት ላይ ልዩ ዓይን ያስፈልጋል፤ ሌሎቹ ሲሸሹ እሱ ወደ ፊት የመውጣት አመል አለው። ከጎኑ ካለው ጠቋሚ ጣት ጋር እኩል ሰብስቡት።

3. ቺዙን ከላይ አስነክታችሁ ወደ ታች ግፉ። መክተፊያው ጋ ሳትደርሱ፣ ሁለት ጣት ያህል ሲቀር፣ አቁሙ። እስከ ታች የሚሄድ እጅ የጣት አንጓውን መክተፊያው ላይ ይመታል፤ ከዚያ በደመ ነፍስ ወደ ጥርሱ ይጠጋል።

4. ወደ ላይ ስትመለሱ አትጫኑ። የአብዛኞቹ መፈቅፈቂያዎች ጥርስ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚቆርጥ የመልስ ጉልበት ከንቱ ነው፤ ቺዙን ያፈራርሳል እንጂ የሚጨምረው ነገር የለም።

5. በየ10 ምቱ ቺዙን በእጃችሁ ውስጥ አዙሩት። ይህን ብዙ ሰው አያደርገውም። ሳይዞር የተፈቀፈቀ ቺዝ በአንድ ጎኑ ይሳሳል፤ ወፍራሙን ጎን እያያችሁ ገና ብዙ አለ ስትሉ በስሱ በኩል ያለችው ትንሿ ጣት ጥርሱ ጋ ደርሳለች።

6. የመፈቅፈቂያው ሆድ እስከ ግማሽ ሲሞላ ቆም በሉ። ቺዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣችሁ መፈቅፈቂያውን አንሡና የተፈቀፈቀውን ወደ ሳህኑ ገልብጡ። ውስጡ ሲጠቀጠቅ ቀዳዳው ከኋላ ይደፈናል፤ ከዚያ የምንሸሸው ጉልበት ይመጣል።

ፍጥነቱ? እያወራችሁ ሳይሆን እየቆጠራችሁ የምትሄዱበት ዓይነት። ሰው ከጠራችሁ መጀመሪያ እጃችሁን አቁሙ፣ ከዚያ ቀና በሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ቤት ቺዝ ብቻ ቢያፈስ ጥሩ ነበር።

አስተኝቶ መፈቅፈቅ

የእጅ አንጓቸው ለሚደክምባቸው ሰዎች ይህን እመክራለሁ። ባለ አራት ፊቱን በጎኑ መክተፊያው ላይ አስተኙት፤ የምትፈልጉት ፊት ወደ ላይ፣ እጀታው ወደ ማትጽፉበት እጅ ይሁን። ቺዙ አግድም ይሄዳል፣ የተፈቀፈቀው ሆዱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ እጃችሁንም ከላይ በደንብ ታያላችሁ። ጥርሱ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚይዝ መጀመሪያ በቺዙ ቀስ ብላችሁ ሞክሩ። ከሥር ያለው እሾሃማ ፊት እርጥብ ፎጣ ላይ እንዳያርፍ፣ ይቀደዳል፤ መክተፊያው ላይ ይሁን።

ደረጃ 6፦ የመጨረሻዋ ቁራጭ

ሁለት ጣት ውፍረት፣ ማለትም ወደ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ሲቀረው አቁሙ። ይህን ውሳኔ ሳትጀምሩ ነው የምትወስኑት፤ መሃል ላይ ከሆነ እጅ “አንድ ጊዜ ብቻ” ማለቱን አይተውም። እኔ ይህን የተማርኩት በአውራ ጣቴ ነው። ሩብ ማንኪያ የማትሞላ ቺዝ ላድን ብዬ ሳምንት ሙሉ ሎሚ መጭመቅ አቅቶኝ ነበር።

የቀረችውን እንዲህ አድርጉ፦

በቢላ ሸንሽናችሁ ክተፏት። የሚቀልጥ ምግብ ውስጥ ከገባች በኋላ ከተፈቀፈቀው አትለይም። ወደ ሶስ የምትገባ ከሆነ መክተፍም አያስፈልግም፤ ትንሽ ቆራርጣችሁ ጣሏት። የፓርሜዛን ቅርፊት ሾርባ ውስጥ ተቀቅሎ ጣዕሙን ከሰጠ በኋላ ይወጣል። ወይም በቃ ብሏት፤ የፈቀፈቀ ሰው ድርሻ ናት።

አንዳንድ መፈቅፈቂያ ከጣት መከላከያ ጋር ይመጣል፤ ከሥሩ ሹል ጥርሶች ያሉት ክዳን መሳይ ነገር ነው፣ ቺዙን ወግቶ ይይዛል። ካላችሁ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተጠቀሙበት፤ ሁሉም ሰው መሳቢያ ውስጥ ጥሎት መጨረሻ ላይ ነው የሚያስታውሰው። ቁራጯን በሹካ ወግቶ መፈቅፈቅ ሲመከር አያለሁ፤ እኔ አልስማማም። ለስላሳ ቺዝ ከሹካው ይላቀቃል፣ ሹካው ጥርሱ ላይ ይንሸራተታል፣ እጅ ይከተላል።

ቁራጯን በጠፍጣፋ መዳፍ ጣቶችን ወደ ላይ ቀስሮ መግፋትም ይቻላል፣ ሰፊና ጠፍጣፋ ከሆነች። ጠባብ ከሆነች መዳፉ ራሱ ጥርሱን ይነካል፤ ተዉት።

ደረጃ 7፦ ወዲያው እጠቡ

ከመፈቅፈቁ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚቆረጠው እዚህ ነው፤ ሥራው ያለቀ ስለሚመስለው።

1. እጀታውን ይዛችሁ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት። ሙቅ ውሃ ቺዙን አቅልጦ ቀዳዳው ውስጥ ያጣብቀዋል።
2. ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና በብሩሽ እሹት። ብሩሹ ጥርሱ በሚያመለክተው አቅጣጫ ይሂድ፤ ተቃራኒው ብሩሹንም እጅንም ያስይዛል። ውስጡንም ከኋላ ወደ ውጭ እሹ።
3. ስፖንጅ አትጠቀሙ። ጥርሱ ይቦጭቀዋል፤ ፍርፋሪው ቀዳዳ ውስጥ ይቀርና ወደሚቀጥለው ምግብ ይገባል። ከዚያ በላይ ግን ስፖንጅ ስስ ስለሆነ ጥርሱ አልፎት ጣት ላይ ይደርሳል።
4. አረፋ በሞላበት ሲንክ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አትተዉ። ሌላ ሰው ማንኪያ ፍለጋ እጁን ያስገባል። መዘፍዘፍ ካለበት ለብቻው፣ በሚታይ ዕቃ ውስጥ ይሁን።
5. በፎጣ አትጥረጉት። አራግፋችሁ አቁሙት፤ ራሱ ይድረቅ።

ሲደርቅ መሳቢያ ውስጥ ተጋድሞ አይቀመጥ። መደርደሪያ ላይ ይቁም ወይም ይሰቀል። የሞረድ መሳዩ ሽፋን ካለው ሽፋኑን አልብሱት።

መሃል ላይ ሲበላሽ

ቺዙ ተለጥፎ አልሄድ ካለ። አትግፉ። ቺዙን ለ10 ደቂቃ ወደ ፍሪዘር መልሱት፤ እስከዚያ ቀዳዳዎቹን በብሩሽ ክፈቱ። በጣት ጫፍ ከፊት በኩል መጎርጎር ክልክል ነው።

ከተፈረካከሰ። ወይ በጣም ቀዝቅዟል፣ ወይ ቀዳዳው ለዓይነቱ ትንሽ ነው። ትንሽ ቆይታችሁ ትልቁን ቀዳዳ ሞክሩ። ፍርክስካሹን እየለቀማችሁ አትፈቀፍቁ፤ በቢላ ይከተፍ።

መፈቅፈቂያው ከሄደባችሁ። ሁለቱንም እጅ አንሡ። ፎጣው ደርቆ ይሆናል ወይም የዘይት ጠብታ ከሥሩ ገብቷል፤ ጠርጋችሁ ከደረጃ 3 ጀምሩ።

ከጠረጴዛ ከወደቀ። አትቅለቡት። እጃችሁን ሰብስባችሁ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ በሉ፤ መሬት ይውደቅ። ይህ ከምንም በላይ ልምምድ የሚፈልግ ነው፣ እጅ ሳይጠየቅ ስለሚሄድ።

ክንድ ከደከመ። እረፉ። ወዳልለመደው እጅ አታዙሩት።

ከተቆረጣችሁ

ሁሉንም ነገር አስቀምጣችሁ ከቺዙ ራቁ። ቁስሉን በሚፈስ ንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ ዙሪያውን በሳሙና። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በጎዝ (በቁስል መሸፈኛ ስስ ጨርቅ) ሳትለቁ 10 ደቂቃ ተጫኑት፤ እጃችሁን ከልባችሁ ከፍ አድርጉ። ቆመ ወይ ብሎ በየደቂቃው ገልጦ ማየት የረጋውን ደም መልሶ ይከፍተዋል።

መፈቅፈቂያ ብዙ ጊዜ ቆዳ ይልጣል። የተላጠው ቆዳ ተንጠልጥሎ ካለ አትቁረጡት፤ ታጥቦ ወደ ቦታው ይመለስና በማይጣበቅ ፋሻ ይሸፈን። ሙሉ በሙሉ ከሄደ ሲያዥ ሊቆይ ይችላል፤ በዚያው አኳኋን ተጫኑትና ሸፍኑት።

ከ10 ደቂቃ በላይ ተጭናችሁት መድማቱ ካላቆመ፣ ቁስሉ ጥልቅ ከሆነና አፉ ከተከፈተ፣ ጣት ከደነዘዘ ወይም አልታጠፍ ካለ ወደ ሕክምና ሂዱ። የቴታነስ ክትባት ከወሰዳችሁ 10 ዓመት ካለፈ፣ ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ቆሻሻ ከነካው ደግሞ 5 ዓመት ካለፈ፣ የጤና ባለሙያ ጠይቁ።

ሥራውን መቀጠል ያለባችሁ ፕላስተር አድርጋችሁ በላዩ የላስቲክ ጓንት ልበሱ። ምግብ በሚያቀርቡ ትልልቅ ወጥ ቤቶች ሰማያዊ ፕላስተር የሚጠቀሙት ምግብ ውስጥ ቢወድቅ ወዲያው እንዲታይ ነው፤ ቤትም ቢኖር አይከፋም።

ሳህኑ ውስጥ ያለው ቺዝ ደም ነክቶት ከሆነ፣ ወይም ነክቶት እንደሆነ ካልታወቀ፣ ሙሉው ይጣላል፤ የነካው ቦታ ብቻ ተለይቶ አይወጣም። መፈቅፈቂያው፣ መክተፊያውና ፎጣው በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥበው እስኪደርቁ ድረስ ሌላ ቺዝ አይነካቸውም።